የዕፀዋት ኀይልና የሊቃውንት ምርመራ፦ ከአዊ ደጋ የተነሣ ዳሰሳ

በእንጅባራ ዙሪያ በተዘረጋው ደጋ፣ በባንጃና በፋግታ ለኮማ ኮረብቶች፣ በዳንግላ ሜዳ ዳርቻ፣ ከሁሉም ይልቅ በየአብያተ ክርስቲያናቱ አጸድ ውስጥ ኮሶና ጥቁር እንጨት፣ ብሳናና አጣጥ፣ እንቆቆና ግራዋ፣ እንዶድና ቀበርቾ በቅለው ይታያሉ፤ የሰባት ቤት አገው ሕዝብም ሆነ ከእርሱ ጋር ተጋብቶና ተዋልዶ የሚኖረው የጎጃም ሰው፣ የትኛው ሥር ለሆድ ትል፣ የትኛው ቅጠል ለቁስል፣ የትኛው ጭስ ለራስ ፍልጠት እንደሚሆን ከአበው ተረክቦ ለውሉድ እያስረከበ እስከ ዘመናችን ደርሷል። እንግዲህ የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ይህ ነው፦ በዕፀዋቱ ውስጥ አለ የሚባለው ኀይል በምርመራ ሲፈተን ምን ሆኖ ይገኛል? እውነት ሆኖ ቢገኝስ ከአጸዱ ቅጠል እስከ መድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ያለው መንገድ ምን ያህል ይርቃል? ከአገራችን ዕፀዋት ብዙዎቹስ ያን መንገድ ጀምረው ስለ ምን ከመካከል ቀሩ?

ስለዚህ ነገር በአደባባይ የሚሰማው አነጋገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን አበው ሁሉን ያውቁ ነበርና የቀረን ወደ እነርሱ መመለስ ብቻ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ የነበረንን ሁሉ ባዕዳን ወስደውታል እያለ ያዝናል። ሁለቱም ከእውነት ጥቂት ጥቂት ቢይዙም፣ የታሪኩን ምስክርነት አንድ በአንድ የመረመረ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነው፤ ይኸውም አንድ ዕፅ የታመነ መድኃኒት ይሆን ዘንድ አራት ደጆችን ማለፍ እንዳለበት፣ እነዚህም የሕዝቡ ዕውቀት፣ የኬሚስቱ ልየታ፣ የሐኪሙ ፈተናና የአቅርቦቱ ከባለቤትነት ጋር የተያያዘ ሥርዓት እንደ ሆኑ፣ የእኛም ዕፀዋት ሁሉ በአንድ ደጅ ላይ ሳይሆን እያንዳንዳቸው በየተለያየው ደጅ ላይ እንደ ቆሙ ነው። የቆሙበት ደጅ የተለያየ ከሆነ መፍትሔውም አንድ ሊሆን አይችልም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ግን ዕፅ በውስጡ መድኃኒት ስለ ምን ይኖረዋል ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ዕፅ ለሰው ልጅ ራስ ምታት የሚያስብ ፍጥረት አይደለምና። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፍየል ልትግጠው ስትመጣ፣ ተባይ ሲወረው፣ ሻጋታ ሲያጠቃው ከቦታው ተነሥቶ መሸሽ የማይችለው ተክል፣ ራሱን የሚጠብቀው መራራና መርዛማ የሆኑ ውህዶችን በሥሩ፣ በቅርፊቱ፣ በቅጠሉና በፍሬው ውስጥ በማዘጋጀት ነው። በባሕርም ሕጉ ያው ነው፤ በዐለት ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ሰፍነግ፣ ለስላሳው ኮራል፣ ዐዝጋሚው የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ሩጫ ስላልተሰጣቸው የጦር መሣሪያቸው ኬሚስትሪ ሆነ። ስለዚህ ሊቃውንቱ መድኃኒት ብለው የሚፈልጉት ነገር በጥንተ ተፈጥሮው የጦር መሣሪያ ነው፤ መርዝነቱንና ፈዋሽነቱንም የሚለየው ከሁሉ በፊት መጠኑ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው፣ የባህል ሐኪምም ይሁን የላቦራቶሪ ሊቅ፣ በሽተኛውን ይጎዳል።

የኬሚስቱ ሥራ ደግሞ ከብዙው ነገር አንዱን መለየት ነው። የተሰበሰበው ሥር ወይም ቅጠል በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በአልኮል ወይም በሌላ ፈሳሽ ይዘፈዘፋል፤ ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ በመቶ የሚቈጠሩ ውህዶች የተቀላቀሉበት ዝቃጭ ይቀራል። ይህ ዝቃጭ በዱቄት በተሞላ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ እየተላለፈ በየክፍሉ ይነጠላል፤ እያንዳንዱም ክፍል በጀርም፣ በትል ወይም በካንሰር ሕዋስ ላይ ይፈተናል፤ ኀይል የታየበት ክፍል እንደ ገና ይከፈላል፣ እንደ ገናም ይፈተናል፤ በመጨረሻ አንድ ንጹሕ ውህድ ብቻውን ሲቀር፣ የአተሞቹ አቀማመጥ በማግኔት ኀይልና በክብደት መለኪያ መሣሪያዎች ይነበባል። በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ሞርፊን ከኦፒየም፣ በ1820ም ኪኒን ከሲንኮና ቅርፊት ተለይተው ከወጡ ጀምሮ የዚህ ጥበብ መሠረት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመሣሪያው ረቂቅነትና የዋጋው ክብደት ነው።

ከአገራችን የመድኃኒት ዕፀዋት ቀድመው ዓለምን ከዞሩት አንዱ ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ ከትሉ የሚገላገልበትን ቀዩን የእንስቴ አበባ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ከነሥዕሉ ገልጦት ነበር፤ በተከታዩም መቶ ዓመት አበባው በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር። ኬሚስቶች በኋላ ኮሶቶክሲንንና ፕሮቶኮሲንን ከአበባው ስላወጡ የአበው ቃል ሐሰት እንዳልነበረ ተረጋገጠ። ነገር ግን ኮሶ በሦስተኛው ደጅ ላይ ወደቀ፤ ትሉን የሚገድለው መጠን ሰውን ከሚጎዳው መጠን እጅግ የራቀ አልነበረምና፣ ከልክ በላይ የጠጣ ሰው ዐይኑ እስከ መታወር ሲደርስ ታይቷል፤ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት በፋብሪካ የተሠሩ መድኃኒቶች በመጡ ጊዜም ከእነርሱ ጋር ሊወዳደር አልቻለም። ኮሶን የሰረቀን ማንም የለም፤ የተሻለ ነገር ቀደመው እንጂ። ይህን በግልጥ መናገር ለአበው ክብር መጉደል አይሆንም።

ያው ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት በ1770 ወደ ሰከላ፣ ወደ ግሽ ዓባይ በአገው ምድር በኩል ካለፈ በኋላ፣ በ1772 ወደ ሱዳን ሲወርድ በመተማ አቅራቢያ በብርቱ ተቅማጥ ተይዞ ከሞት አፋፍ ደርሶ ነበር፤ ያዳነውም የአገሩ ሰዎች ዋጊኖስ ከሚሉት ቍጥቋጦ ሥር የተቀጠቀጠ ቅርፊት ነው። ብሩስ ዘሩን ይዞ ሄደ፤ ዕፁም በላቲን ስሙ ብሩሲያ አንቲዲሰንቴሪካ ተብሎ በመንገደኛው ስም ተሰየመ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ በቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻን ከዚህ ዕፅ ብሩሲያንቲን የሚባል ውህድ አወጡ፤ በላቦራቶሪ አይጦች ላይ የደም ካንሰርን አጥብቆ የሚቃወም ሆኖ ስለ ተገኘ ተስፋ ተጣለበት። ይሁን እንጂ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሕሙማን ላይ ሲፈተን የደም ግፊታቸውን ጣለ፣ አስመለሳቸው፣ ዕጢዎቻቸውን ግን አላሳነሰም፤ ስለዚህም ተተወ። በመርማሪው ቤት የታየው ኀይል በሰው አካል ውስጥ ላይደገም እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም፤ ዛሬም በየጥናቱ መጨረሻ «ይህ ቅጠል ካንሰርን ያድናል» የሚል ቃል ሲነበብ ዋጊኖስን ማስታወስ ይገባል።

ሌላው የኩፕቻን ሥራ ግን ፍጻሜው የተለየ ሆነ። በ1972 እኒሁ ሊቅ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ አንድ የአጣጥ ዘር ውስጥ ሜይታንሲን የሚባል ውህድ ማግኘታቸውን አስታወቁ። መጠኑ እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ ከአንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት አንድ ሚሊግራም እንኳ የማይሞላ ነበር፤ ኀይሉ ግን ሕዋስ የሚከፈልበትን ውስጣዊ መዋቅር ስለሚያፈርስ ከብዙ የካንሰር መድኃኒቶች ይበልጥ ነበር። በሕሙማን ላይ ሲሞከር መርዝነቱ ሆድንና ነርቭን ስለ ጎዳ እርሱም እንደ ብሩሲያንቲን ተትቶ ነበር። ነገር ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊቃውንት የካንሰሩን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ አንቲቦዲ ጋር የሜይታንሲንን ዘመድ አቈራኙት፤ መርዙም በደም ውስጥ ሳይበተን ወደ ተላከበት ሕዋስ ደርሶ በዚያ የሚፈታ ሆነ። ይህ መድኃኒት፣ በንግድ ስሙ ካድሲላ የሚባለው፣ ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር እንዲሰጥ በየካቲት 2013 በአሜሪካ ተፈቀደ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ለአርባ ዓመት ያህል የተረሳ መስሎ የቆየ ውህድ በሌላ ጥበብ ሲታገዝ ተመልሶ መነሣቱ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ወደቀ የተባለ ሁሉ ለዘለዓለም ወደቀ ማለት አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ፣ የዛሬው መድኃኒት ከአጣጥ እንጨት አይሠራም፤ የጃፓን ሊቃውንት በ1977 ከባክቴሪያ ያገኙት የሜይታንሲን ዘመድ እየተጠመቀ ነው የሚዘጋጀው፤ እንዲያውም በዕፁ ውስጥ ውህዱን የሚሠሩት በውስጡ አብረው የሚኖሩ ረቂቃን ፍጥረታት እንደ ሆኑ ብዙዎች ይስማማሉ። አጣጥን በሙሉ ከኮረብታው ነቅሎ መሸጥ ማንንም ባለጸጋ እንደማያደርግ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የባሕሩ ምርመራም ወደዚሁ ትምህርት ይመራል። አገራችን ከባሕር ርቃ ብትቀርም ነገሩን ለንጽጽር ማምጣት ይጠቅማል። ቬርነር በርግማን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከፍሎሪዳ ባሕር ሰፍነግ ያወጣቸው ውህዶች፣ በ1969 ለደም ካንሰር የተፈቀደውን ሳይታራቢን ለመሥራት ምሳሌ ሆኑ። ፊሊፒናዊው ባልዶሜሮ ኦሊቬራና ባልደረቦቻቸው ዓሣን በመርዝ ከሚወጋ የባሕር ቀንድ አውጣ ያገኙት ንጥረ ነገር በ2004 ለጽኑ ሕመም ማስታገሻ ሆኖ ወጣ። የጃፓኑ ሰፍነግ ሃሊኮንድሪን ቢን ሰጠ፤ ነገር ግን ከአንድ ቶን ሰፍነግ አንድ ግራም እንኳ ስለማይገኝ፣ ሊቃውንቱ ከውህዱ የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ለይተው በላቦራቶሪ እየገጣጠሙ ኤሪቡሊን የተባለውን መድኃኒት እስኪሠሩ ድረስ ዐሥርተ ዓመታት አለፉ፤ እርሱም በ2010 ተፈቀደ። ትራቤክቴዲን የተባለው ደግሞ በባሕር ሥር ዐለት ላይ ተጣብቆ ከሚኖር ትንሽ እንስሳ ተገኝቶ፣ ሠሪው በእንስሳው ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። በየብስም በባሕርም አራተኛው ደጅ፣ የአቅርቦቱ ደጅ፣ ከሁሉ የጠበበ ነው፤ ያለፈውም ብዙ ዕፅ ያለው ሳይሆን ትዕግሥትና ጥበብ ያለው ነው።

ከኢትዮጵያ ልጆች እጅ የወጣው ታላቁ ምርመራ እንዶድ ነው፤ ስለዚህም በእርሱ ላይ ዘግየት ማለት ተገቢ ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በዚያ ዘመን እንዶድ ሳሙና እንደ ሆነ ያላወቀ አልነበረም፤ በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን አይቶ ምክንያቱን የጠየቀ ግን እርሳቸው ነበሩ። ኬሚስቶች ከፍሬው የለዩት ሳፖኒን በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። በ1966 በአሁኑ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በዐድዋ ለአምስት ዓመት በተደረገው ሙከራ፣ ወንዙ በእንዶድ ሲታከም ከቆየ በኋላ፣ በትንንሽ ሕፃናት መካከል በሽታው ከሃምሳ በመቶ ወደ ሰባት በመቶ ወረደ። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ብዙ የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው፣ ምርታቸውንና ኀይላቸውን አነጻጽረው፣ 44 ቍጥር የተሰጠውን ምርጥ ዝርያ አወጡ፤ ሁለቱም በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ይህን ያህል የተመሰከረለት ነገር ስለ ምን ወንዞቻችንን ሁሉ አላዳረሰም? መልሱ በሦስተኛውና በአራተኛው ደጅ መካከል ይገኛል። ዓለም አቀፉ የጤና ሥልጣን የመርዛማነት ምርመራው በበለጸጉት አገሮች ላቦራቶሪ፣ በእነርሱ ሥርዓት እንዲደገም ጠየቀ፤ ያን የሚከፍል ሰው እስኪገኝና ምርመራው በካናዳ ድጋፍ እስኪፈጸም ድረስ ብዙ ዓመት ባከነ። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል ዋጋው እየረከሰ መጥቶ፣ በሽተኛውን ማከም ወንዙን ከማከም የቀለለ መሰለ። በአሜሪካ ደግሞ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከአክሊሉ ጋር ሆነው እንዶድ የታላላቆቹን ሐይቆች የውኃ ቱቦ የሚደፍነውን ዜብራ የተባለ ዛጎል እንደሚገድል ካረጋገጡ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ መብት ወሰደ፤ የሕዝብ ዕውቀት የማን ነው የሚለውም ክርክር በዓለም ላይ ተነሣ። የአክሊሉ ጉዳይ ኀዘንተኛውን ወገን ከሁሉ ይልቅ የሚረዳ ይመስላል፤ ነገር ግን በጥልቅ ሲታይ ምርመራውን እስከ ፍጻሜው የሚያደርስ የአገር ውስጥ ገንዘብና ላቦራቶሪ ባለመኖሩ የደረሰ ጉዳት ነው። ክፍት በተተወ ደጅ ያለፈውን ሰው ብቻ መውቀስ ደጁን አይዘጋም።

ከአክሊሉ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ የተነሡት ሊቃውንት ይህን ጉድለት ለመሙላት ደክመዋል። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ በ1984 ናፕሬካ የተባለውን፣ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ የተፈጥሮ ውህዶች ተመራማሪዎች የሚገናኙበትን ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ናቸው፤ የመሣሪያ እጥረት ላለበት አገር ሊቅ ጓደኛ ከመሣሪያ የማይተናነስ ረዳት ነውና የማኅበሩ ጥቅም ቀላል አልነበረም። ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ ደግሞ የእሬትን፣ የከርቤንና የዕጣንን ኬሚስትሪ ሲመረምሩ ኖረው፣ በ2000 ከባልደረቦቻቸው ጋር በእሬት ዘሮች ኬሚስትሪ ላይ ያወጡት ዳሰሳ የብዙ ተመራማሪዎች መነሻ ሆኗል፤ ከዚያም አልፈው የተመረመረውን ነገር በቅባትና በሳሙና መልክ ለገበያ የሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት እስከ ማቋቋም ደረሱ። በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያ ዕፀዋት መዝገብ ሥራም፣ አንድ ኬሚስት «ይህን ቅጠል መረመርሁ» ሲል የትኛውን ቅጠል ማለቱ እንደ ሆነ በማያሻማ መንገድ የሚታወቅበትን መሠረት ጣለ። የጥንት ጽሑፍም ለኬሚስቱ መንገድ ሊያመለክት ይችላል፤ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወባውን መድኃኒት አርቴሚሲኒንን ያገኙት፣ በጥንታዊ የአገራቸው መጽሐፍ ዕፁን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፎ መጭመቅ እንደሚገባ አንብበው፣ ሙቀት ኀይሉን እንደሚያጠፋ በመገመታቸው ነው፤ በ2015ም የኖቤል ሽልማት አገኙ። እኛም በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ፣ በደብተራዎች እጅ የቆዩ መጻሕፍተ መድኃኒት አሉን፤ ስቴፋን ስትሬልሲን የተባሉት ፖላንዳዊ ሊቅ ከእነዚህ ብዙዎቹን መርምረው አሳትመዋል። ጸሎቱን ከቅመሙ፣ ቅመሙን ከአዘገጃጀቱ እየለየ የሚያነባቸው የግእዝ ዐዋቂና ኬሚስት አንድ ላይ ቢቀመጡ ግን ገና ብዙ ሥራ ይጠብቃቸዋል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ወደ አዊ እንመለስ። ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሜጀር ቺዝማን የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ እየተዘዋወረ በካርታ ላይ አሰፈረ፤ የዚህን ምድር ዕፀዋት ኀይል ግን እንዲህ ባለ ጥንቃቄ የመዘገበ ሰው ለብዙ ዘመን አልነበረም። በ2007 ምሩፅ ጊደይ፣ ያለምፀሐይ መኮንንና ባልደረቦቻቸው የሺናሻን፣ የአገው አዊንና የአማራን ሕዝቦች መድኃኒተ ዕፀዋት አነጻጽረው ያወጡት ጥናት ለዚህ መልካም ጅማሬ ነው፤ በጎረቤትነት የሚኖሩ ሦስት ሕዝቦች አንዱን ቅጠል ለአንድ ደዌ ማዋላቸው ወይም አለማዋላቸው ለኬሚስቱ የትኛውን አስቀድሞ እንደሚመረምር ይጠቁመዋልና። ነገር ግን መዝገቡ ገና ሳይሞላ መጽሐፉ እየተቀደደ ነው። መድኃኒት ዐዋቂው ምስጢሩን ለአንድ የተመረጠ ልጅ ብቻ ይገልጣል፤ ያ ልጅ ወደ ከተማ ሄዶ ቢቀር ዕውቀቱ ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ለከሰል ብሎ የሚተክለው ከአውስትራልያ የመጣው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆኗል፤ ያን ጥቅሙን መካድ አይገባም፤ ቢሆንም ኮረብታው ሁሉ በአንድ ዛፍ ሲሸፈን አገር በቀሉ ዕፅ መጠጊያው የቤተ ክርስቲያን አጸድ ብቻ ይሆናል። ቀበርቾም በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ሆኖ ሳለ ለገበያ የሚፈለገው ሥሩ ስለ ሆነ፣ አንዱን መሸጥ አንዱን ማጥፋት ነው።

የሕጉ ነገር ተሟልቷል ባይባልም ባዶ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 482 ማንም ሰው የአገሪቱን የዘር ሀብት ወይም የማኅበረ ሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወስድ ይከለክላል፤ ከጥቅሙም ማኅበረ ሰቡ እንዲካፈል ያዝዛል፤ በ2010 የጸደቀው የናጎያ ስምምነትም ይህን ሐሳብ በዓለም መድረክ ያጸናል። ሆኖም ሕግ የሚጠብቀው የተመዘገበውን ነው፤ ምን እንደ ነበረን፣ ከማን እንደ ተሰማ፣ ከየትኛው ኮረብታ እንደ ተቆረጠ የሚያሳይ መዝገብ ከሌለ ከሳሹ ምስክር አያገኝም።

እንግዲህ አራቱን ደጆች መልሰን ስንቈጥር፣ እንደ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያለ ወጣት ተቋም አራቱንም ባንድ ጊዜ ለመክፈት ቢነሣ ከዐቅሙ በላይ ይሆናል፤ በሕሙማን ላይ የሚደረገው ፈተና በብዙ ገንዘብና በብዙ ሆስፒታል የሚፈጸም ነው፤ የረቀቀውን የመሣሪያ ንባብም ከአዲስ አበባ ጋር ተባብሮ ማሠራት ይቻላል። የመጀመሪያው ደጅ ግን በእጁ ነው፣ ከእርሱ በተሻለም ማንም ሊጠብቀው አይችልም፦ የመድኃኒት ዐዋቂዎችን ቃል በፈቃዳቸውና በስማቸው፣ በአውንኛና በአማርኛ መመዝገብ፤ ለእያንዳንዱም ዕፅ የደረቀ ናሙና አስቀምጦ፣ የተቆረጠበትን ወርና ቦታ፣ የአዘገጃጀቱንና የመጠኑን ልክ አብሮ መጻፍ፤ ከቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪዎች ጋር ተስማምቶ አጸዱን ማስጠበቅ፤ ቀበርቾን የመሰለውንም በእርሻ ማልማት። ከሁለተኛው ደጅም ትንሹ ክፍል ይደረስበታል፤ ከሜይታንሲንና ከትራቤክቴዲን ታሪክ እንደ ተረዳነው ኀይሉ ያለው ብዙ ጊዜ በረቂቃን ፍጥረታት ውስጥ ነውና፣ የደጋውን አፈርና የዘንገናን ሐይቅ ውኃ በብርጭቆ ሳሕን ላይ አሳድጎ መፈተን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

ኮሶ በመጠኑ፣ ዋጊኖስ በሕሙማኑ ፈተና፣ አጣጥ በአቅርቦቱ፣ እንዶድ በገንዘብና በሥልጣን ቆሙ፤ ነገር ግን አንዳቸውም በመጀመሪያው ደጅ ላይ አልቆሙም፣ ሕዝቡ ያውቃቸው ነበርና። ከእንግዲህ የሚሠጋው ይህ ደጅ ራሱ እንዳይዘጋ ነው። የተቀሩት ሦስቱ ደጆች አርባ ዓመት ዘግይተውም ሊከፈቱ እንደሚችሉ አጣጥ አስረድቶናል፤ ያልተጻፈ ዕውቀትና የተነቀለ የመጨረሻ ሥር ግን ለማንም ሊቅ አይመለሱም። ስለዚህ ገንዘቡ ጥቂት በሆነበት አገር ከሁሉ አስቀድሞ ሊከፈልበት የሚገባው ሥራ መዝገቡና አጸዱ ነው።